የሙሉሰው ምልክት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ዳቦ ቆርሰው ጋቢ አለበሱኝ። ኃላፊያችን ተነሥቶ፣ "ጋሽ ታድሎ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ዕቃ ያላጎደሉ ንብረት ጠባቂ ናቸው" ሲል ሰው አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ዳቦዬን በላሁ። ያጎደልኩት ነገር አለ። በሞዴል ሃያ ሁለት ወጪ ስላልተደረገ ማንም አልጠየቀኝም፤ እንግዲህ እኔው ራሴ ልናገረው።

በወረቀት የባህል ስፖርት ንብረት ሠራተኛ ነበርኩ። ቡሬ ጀመርኩ፣ ደምበጫ ሁለት ዓመት ተቀምጬ ፍኖተ ሰላም ላይ ጨረስኩ። ደመወዙ ምንም አይል፤ አበሉ ውድድሩ ካለፈ ከስንት ወር በኋላ ይመጣ ስለነበር እሱን ተዉት። እውነተኛው ሥራዬ ዱላ መጥረብ ነበር፣ የገና ዱላ። ለቀበሌም፣ ለወረዳም፣ ለዞን ውድድርም የሚወጣው ሁሉ በእጄ ያልፋል።

ሰው የዱላ ነገር ቁመት ብቻ ይመስለዋል። "ለወገቤ ከደረሰ ይበቃኛል" ይልሃል። ወገብህን ምን አገባው! ዋናው ነገር አተኛኘቱ ነው። ተጫዋቹ ጎንበስ ብሎ ሩሯን፣ ኳሷን፣ ሊመታ ሲል የቆልማማው ሆድ መሬቱ ላይ ልክ መተኛት አለበት። ቆልማማውን እንደ እግር ነው የምናየው፤ ከእጀታው ጋር የሚገናኝበት ተረከዝ፣ ጫፉ ጣት ይባላል። ማዕዘኑ ከሰውየው ጋር ካልተስማማ ወይ ጣቱ ቀና ይልና ተረከዙ ይመታል፣ ወይ ተረከዙ ይነሣና ጣቱ መሬት ይጭራል። ልዩነቱ የጤፍ አገዳ ውፍረት ቢሆን ነው፣ ዓይን አይለየውም። ሩሯ ግን ታውቃለች። ቀጥ አድርጌ መታኋት ሲል ወደ ጎን ትሄድበታለች።

ይህን ያስተማሩኝ አያ አሞኘ ናቸው፣ ቡሬ ላይ ከእኔ በፊት የነበሩት ጠራቢ። ቀጭን፣ ሰው እያነጋገሩ ሰው የማያዩ፣ እግር ብቻ የሚያዩ ሽማግሌ ነበሩ። አዲስ ተጫዋች ሲመጣ የዱላውን ሆድ በዘይት የታሸ ከሰል ይቀቡታል። ከዚያ ሰውየውን ልሙጥ ድንጋይ ላይ ሦስት ጊዜ ያስመቱታል። ሁለቱን ዞር ብለው እንኳ አያዩም። "የመጀመሪያውን ለሰው ይመታል፣ ሁለተኛውን ለራሱ። ሦስተኛው እውነቱ ነው" ይሉ ነበር። ከሦስተኛው በኋላ ዱላውን ገልብጠው ከሰሉ የተፋቀበትን ቦታ ያያሉ። ተረከዙ ተፍቆ እንደሆነ ማዕዘኑን ይከፍቱታል፤ ጣቱ ከሆነ ይዘጉታል። የተፋቀው መካከል ላይ እስኪያርፍ ድረስ ያን ምስኪን አይለቁትም።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥለው የማጉበጫ ግንዶቹን ቀጥታ መለካት ነው። እርጥቡን እንጨት እሳት ላይ አሙቀን የምናጎብጠው መሬት ውስጥ በተቀበሩ ሁለት ግንዶች ላይ ነበር፤ አንዱ ለቀኝ መቺ፣ አንዱ ለግራኝ። ሁለተኛው ልማዳቸው ደግሞ ምልክቱን ካዩ በኋላ ከሰሉን ወዲያው በጨርቅ ማጥፋት ነው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"የሰው ምልክት አደባባይ አይውልም" አሉኝ። "አንተም ብትሆን ምልክቱን እይ እንጂ ስም አትጥራ።"

ስም መጥራት ማለታቸው ምን እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ። ዓመት ሁለት ዓመት ስትሠራ ምልክቶቹ ይለዩልሃል። አንዱ መሬቱን ይልሳል፣ አንዱ ይነክሳል፣ አንዱ ሲመታ አንጓውን ያዞርና ጨረቃ የመሰለ ጭረት ይተዋል። ከሰልም አያስፈልግም፤ በተጫወተበት ዱላ ሆድ ላይ ይቀረጻል። ግምጃ ቤት ብቻዬን ስቀመጥ ግድግዳው ላይ የተደገፉት ዱላዎች ሰው ይሆኑብኝ ነበር። እያንዳንዱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። አንዳንዴ ጀርባዬን ሰጥቻቸው መሥራት ይከብደኝና ዞሬ እቀመጣለሁ።

ደምበጫ ሳለሁ አንድ የቀበሌ ሰው ዱላ ሊመልስ መጣ። አንዱን ገልብጬ አየሁና፣ "የዚህ ባለቤት ምነው ራሱ አልመጣ?" ብዬ ስሙን ጠራሁ። ሰውየው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"ማክሰኞ ቀበርነው" አለኝ። "የሱ መሆኑን ማን ነገረህ?"

"ዱላው።"

ደረሰኙን ሳይቀበል ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ተነዛ። "ታድሎ ዱላ ያናግራል" እየተባለ ሰው ሊፈትነኝ ይመጣል፣ የሚፈራኝም ነበር። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በእንዲያ ያለች ትንሽ ሥራ ላይ የሚከበር ሰው ስንቱ ነው? ቡሬ ስሄድ አያ አሞኘ ሰምተው ቆዩኝ።

"ስም ትጠራለህ አሉ።"

"እውነት ከሆነስ አያ?"

"እውነት ሲሆን ነው የሚከፋው። አንድ ቀን ስትስት ያመኑህ ሁሉ አብረውህ ይስታሉ።"

እንደ እርጅና ቅናት ቆጠርኩት። እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ዕቃው ወደ ፍኖተ ሰላም ሲዛወር ማጉበጫዎቹን እኔ ግቢው ጥግ ተከልኳቸው። የቡሬው ቀይ አፈር ነበር። ፍኖተ ሰላም የተከልኩበት ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ክር የማንጠልጠሉን ነገር ችላ አልኩት፣ ረሳሁት። ኃላፊዬ በየሳምንቱ "ስንት ዱላ ደረሰ?" ይል ነበር እንጂ "ግንዱ ቆሟል ወይ?" የሚል አልነበረም።

ሙሉሰው የመጣው በዚያ ዘመን ነው፣ ከቡሬ በታች ካለ የገጠር ቀበሌ። የወይዘሮ ያልጋነሽ አንድ ልጅ ነው፣ አባቱ በሕፃንነቱ የሞተበት። ግራኝ ነው። ልጅ ሳለ ከሾላ ዛፍ ወድቆ ቀኝ እግሩ ተሰብሮ ነበርና ሲሄድ ትንሽ ይጎትተዋል። ሲጫወት ግን እግሩን የሚያስታውስ የለም። ሩሯ ከሱ ዱላ ስትወጣ ወደ ቀኝ ጎበጥ ብላ ትሄድ ስለነበር የሚጠብቃት ሰው ያጣታል። ከሰል ቀብቼ ሳስመታው ተረከዙ ላይ የግማሽ ሎሚ ቅርጽ ያለው፣ ወደ ውስጥ ያዘመመ ምልክት ተወ። ማዕዘኑን ልከፍት ጥቂት ጠረብኩለት፤ ያው መጣ። አያ አሞኘ ቢሆኑ እስኪያስተካክሉት አይለቁትም ነበር። እኔ "እግሩ ነው" አልኩና ተውኩት። በዚያ ዱላ ለዞን ተመረጠ፤ ሰዉም የሙሉሰው አመታት እያለ ያወራለት ጀመር። እኔም ያን ግማሽ ሎሚ በልቤ የሙሉሰው ምልክት አልኩት።

በማግስቱ ዓመት ሙሉሰው ለአጨዳ ሥራ መተማ ወረደ፤ በዚያው ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ አብሮት የነበረ አንድ ልጅ ተመለሰና ለእናቱ በወባ መሞቱን፣ በእጁ አፈር እንዳለበሰው ነገራት። ኩታውንም ሰጣት። ኩታው የልጄ አይደለም ብላ ስትሟገት ቆይታ፣ በመጨረሻ የነፍስ አባቷ ለምነው ለምነው፣ ፍታቱ እንዲደረግና ተዝካሩ እንዲወጣ እሺ አለች።

በዚያው ሰሞን አንድ ፈረንጅ ከቡሬ መጣብኝ። ከፋብሪካ ሥራ ጋር የመጣ ባለሙያ ነው፤ ጎልፍ የሚባለውን ጨዋታ ይወዳል። ብረት ዱላዎቹን በረጅም ሻንጣ ይዞ፣ ሩሯ ወደ ግራ እየሄደች አስቸገረችኝ አለ በአስተርጓሚ። እኔ ከሰሌን ሳወጣ እሱ ፕላስተር አውጥቶ የብረቱን ሆድ ለጠፈበት። የኛው ሥራ ነው! ተያይተን ሳቅን። ግን ከመምታቱ በፊት እያንዳንዱን ብረት በማዕዘን መለኪያ ለካ። ለምን አልኩት።

"መጀመሪያ የምንጠረጥረው መሣሪያውን ነው" አለ። "እሱ ንጹሕ ከሆነ ከዚያ ወደ ሰውየው እንሄዳለን።"

ሁለቱ ተጣመው ተገኙ፣ ሞርሳ ላይ አስረን አቃናናቸው። አመስግኖኝ ሄደ። እኔም፣ ይኼ ሰው ምልክት ማንበብ ስለማይችል ነው ብረት የሚለካው ብዬ ናቅሁት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን ሰው አስመነጠርኩ።

ፈረንጁ በሄደ በሳምንቱ ከየቀበሌው የተሰበሰቡ ዱላዎች በጆንያ መጡ። እየገለበጥኩ ሳይ እጄ ቀጥ አለ። ተረከዙ ላይ፣ ግማሽ ሎሚ፣ ወደ ውስጥ ያዘመመ። የድሮ ምልክት ቢሆን ምንም አይደለም፤ ይኼ ግን ትኩስ ነው፣ የሣር አረንጓዴ ያልደረቀበት። ዱላው እኔ የሠራሁት ነው፣ ለሙሉሰው ግን አልሰጠሁትም። ማን እንደተጫወተበት የሚያውቅ አልነበረም፤ ያመጣውም ሰው "ሜዳ ላይ ወድቆ አገኘነው" ብሎኛል። ቀን ነው፣ ፀሐይ አለ፣ የግቢው በር ተከፍቷል፤ እኔ ግን ሙሉሰው ከበስተኋላዬ የቆመ መስሎኝ ዞሬ አየሁ።

ዱላውን ይዤ ቡሬ ወረድኩ። ከዚያ በእግሬ ወይዘሮ ያልጋነሽ ግቢ ስደርስ ጎረቤቶቿ ተሰብስበዋል። እሷ እስከ ክርኗ ድፍድፍ ውስጥ ናት፤ ለተዝካሩ ጠላ እየጠነሰሰች ነው። ሰው መኖሩን እንኳ አላሰብኩም፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

"እመት ያልጋነሽ፣ ሙሉሰው አልሞተም" አልኩ።

እሷ እጇን ከጋኑ ሳታወጣ ቀና ብላ አየችኝ።

"አየኸው?"

"አላየሁትም። ምልክቱን አየሁ፣ የሰሞኑን።" ዱላውን ገልብጬ አሳየኋት።

"እርግጠኛ ነህ ወንድሜ ታድሎ?"

እዚህ ላይ "ምናልባት" ማለት ይቻል ነበር። አንዲት ቃል ናት። "እንደ ስሜ" አልኳት።

ጋኑን በሁለት እጇ ይዛ ገለበጠችው። ድፍድፉ ግቢውን ሞልቶ ፈሰሰ፣ ዶሮዎች ተሻሙበት። በዚያው ቀን ከሏን አወለቀች። የነፍስ አባቷ መጥተው ቢለምኗት፣ "በቁሙ ያለ ልጄን አላስፈታም፣ እርስዎም በሕይወት ያለ አይፍቱ" ብላ መለሰቻቸው። ታድሎ ነግሯታል ሲባሉ እሳቸውም ተመልሰው ሄዱ። ስሜ እንዲህ ከብዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ቡሬ አውቶቡስ ተራ ቆማ አገኛታለሁ። ከመተማ በኩል የሚመጣ ሰው ሁሉ ሲወርድ እግሩን ታያለች። አንድ ቀን ፊቷ በርቶ ጠጋ አለችኝ።

"ሰሞኑንማ ቀርቧል" አለችኝ። "እኩለ ቀን ላይ፣ ሰዉ ሁሉ እርሻ ሲወርድ፣ እግሩን እየጎተተ እስከ ደጄ ይመጣል። ይቆማል። ግባ ልጄ እለዋለሁ። ስወጣ የለም።"

"ማን አለ ታዲያ?"

"ማንም። አቧራው ላይ የጎተተበት አለ። የሚፈራው ነገር ቢኖረው ነው የማይገባው አይደል?"

ሳልፈልግ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝና፣ "ይገባል" አልኳት። እሷም በየቀኑ ምሳውን እየከደነች፣ በሩን እየከፈተች፣ ሁለት ዓመት ኖረች።

የፈረደብኝ ቀን የሴቶች ቡድን ምርጫ ቀን ነበር። ከዱርቤቴ የመጣች አንዲት አስተማሪ ተሰለፈች፣ ቀጥ ያለች፣ ሁለት እግሯ እንደ ምሰሶ የቆመ። ግራኝ ነች። ከሰል ቀብቼ ሰጠኋት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት መታች። ገልብጬ አየሁ።

የሙሉሰው ምልክት ነው።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። "የማን ልጅ ነሽ?" አልኳት።

"ምነው ጋሼ፣ አጠፋሁ?"

"እግርሽን ተሰብረሽ ታውቂያለሽ?"

"ኧረ በጭራሽ።" ሳቀች፣ ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቋን ተወች። "ጋሼ፣ አሞዎታል?"

ሌላ የግራኝ ዱላ ሰጠኋት። ያው ግማሽ ሎሚ። ሦስተኛ ሰጠኋት። ያው። የሞተው ልጅ በያንዳንዱ ዱላ ሥር እየተነሣ የሚያየኝ መሰለኝ። ግምጃ ቤት ገብቼ አያ አሞኘ በሕይወት ሳሉ የሠሩትን አንድ አሮጌ የግራኝ ዱላ አመጣሁላት። መታችበት። የተፋቀው መካከሉ ላይ ዐረፈ፣ ንጹሕ።

ያኔ የፈረንጁ ነገር ትዝ አለኝ። ወደ ግቢው ጥግ ሄጄ ክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥዬ ማጉበጫዎቹን ለካሁ። የቀኙ ቆሟል። የግራኙ የጣራው ውኃ የሚወርድበት ሥር ነበርና ዋልካው ገፍቶ ሁለት ጣት ያህል አዘንብሎታል። ስንት ክረምት እንዳዘነበለ እግዜር ይወቅ። እኔ ከተከልኩት ወዲህ የጎበጠ የግራኝ ዱላ በሙሉ የተጣመ ነው። ግራኝ ስለሚያንስ ጎን ለጎን አስተያይቼው አላውቅም። ያ ግማሽ ሎሚ የሙሉሰውም የእግሩም አልነበረም። የኔው ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ የራሴን ጥፋት የሰው ስም ሰጥቼ ሳነብ ኖሬያለሁ።

ሦስት ቀን ምግብ አልበላሁም። መናገር ትችላለህ፣ አለመናገርም ትችላለህ ይለኛል ልቤ፤ የሚያውቅ የለም። በአራተኛው ቀን ሄድኩ።

ወይዘሮ ያልጋነሽ በሯን ከፍታ ደፉ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ የተከደነ ሰሐን አለ። ቁጭ እንድል በርጩማ ሰጠችኝ። ስለ ግንዱም፣ ስለ አስተማሪዋም፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ትጮኻለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ነበር። ደጁን አየች።

"ያ ልጅ ያመጣው ኩታ የሱ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ጥለቱን እኔ ነኝ የጠቀምኩት። ያኔም አውቄዋለሁ።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"ታዲያ ይኼን ሁሉ ጊዜ ደጄ የሚቆመው ማን ነው?"

ቀስ እያለ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ወይኔ ልጄን" አለች። "ለካ ሊገባ አልነበረም። ፍቺኝ ሊለኝ ነው የሚመጣው። እኔ ደግሞ ግባ፣ ግባ እያልኩ አስሬ አቆምኩት።"

አለቀስኩ። ሽማግሌ ነኝ፣ አላፈርኩም።

ፍታቱ በዚያው ሳምንት ተደረገ። ለተዝካሩ እንጨቱንም፣ ውኃውንም እኔ ተሸከምኩ፤ ካህናቱ ሲስተናገዱም እኔ ከሰው በታች ተቀመጥኩ። ፍኖተ ሰላም ተመልሼ የግራኙን ማጉበጫ ነቅዬ አቃጠልኩት፣ የተጣመሙትንም ዱላዎች እየለቀምኩ አስተካከልኩ። አንዳንዶቹ ተጫዋቾች ተቆጡኝ፤ ሩሯ ቀጥ ብላ መሄዷን አልለመዱትም ነበር። ምልክቶቹን ማየት አልተውኩም፣ ሥራዬ ነው። የማን እንደሆነ የጠየቀኝን ግን "አላውቅም" እያልኩ እስከ ጡረታዬ ደረስኩ።

ጋቢውን ባለበሱኝ በሳምንቱ ወይዘሮ ያልጋነሽን ልጠይቅ ሄድኩ። እኩለ ቀን ነበር፣ ሰዉ እርሻ ወርዷል። አርጅታለች። በሯ ተዘግቶ አንኳክቼ ነው የገባሁት። እህል ውኃ አቀረበችልኝ፣ ስለ ጡረታዬ ጠየቀችኝ፣ እኔም ጉልበቴን ስለሚያመኝ አወራሁላት። ልሄድ ስነሣ አመነታሁና ጠየቅኋት።

"እመት ያልጋነሽ፣ ከተዝካሩ ወዲህ ይመጣል?"

"አይመጣም። ዐርፏል፣ ተመስገን።"

"ተመስገን" አልኩ እኔም።

እስከ ደጁ ሸኘችኝ። አቧራው ላይ የኔ እግር ብቻ ነበር። እሱን ስታይ ቆየች።

"አንተን አልወቅስህም ታድሎ" አለችኝ። "ነፍሱን ከመንገድ አስነሥተንለታል፣ ደግ አደረግን። ግን ለካህን የማልናገረውን ልንገርህ? ያኔ ተርቦም ቢሆን ይመጣልኝ ነበር።"